ባዶ እጁን የሚመጣ ቃል

ባለፈው ሳምንት ባጃጄን ይዤ ከሰባታሚት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ «እህቴ፣ በመጠኑ ንጂ» አሉኝ። ዞር ብዬ «በስንት?» አልኋቸው። የሰደብኋቸው መሰላቸው። እስኪወርዱ ድረስ ስለዛሬ ልጆች አስተዳደግ ሲናገሩ ቆዩ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ነዳሁ። አልሰደብኋቸውም። የስድስት ዓመት ሥራዬ ነው ከአፌ ያመለጠው። በመጠኑ ሲባል በስንት ብሎ መጠየቅ እንጀራዬ ነበር። አንድ ቀን ሳልጠይቅ ቀርቼ ደግሞ የሰው ሕይወት ላስበላ ነበር።

የሥራ ትዝታ የሚጽፍ ጡረተኛ ነው ይሉኛል። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ግን የሥራ ዘመን የሚሉት ነገር ካለ የእኔ አልቋል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የውጭ ሐኪሞቹ መምጣት ተዉ፤ ፕሮጀክቱም ተዘጋ፤ ሰማያዊ ሰደርያዬን አስረክቤ ወጣሁ። ባጃጅ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። መሪ ይዞ መዋል ለእኔ ዓይነት አንድ ቦታ መቀመጥ ለማይሆንለት ሰው ጥሩ ነው፤ የቀድሞውን ሥራ ግን አያስረሳም።

አስተርጓሚ ነበርሁ። የተማርሁት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። መጀመሪያ ጣና ዳር፣ የጀልባ መነሻው ላይ፣ ወደ ገዳማቱ ለሚሻገሩ ቱሪስቶች ትኬት እቆርጥ ነበር። እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ከእነሱ ጋር በመጨቃጨቅ ነው። ፈጣን ነው፣ ደፋር ነው፣ ሰዋስው ግን ሲያልፍም አልነካው። አንድ ቀን ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው አይወጣም ስላልሁት ከሚጮህብኝ ፈረንጅ ጋር ስከራከር የውጭ ሐኪሞች እየመጡ የሚያክሙበት ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አስተባባሪ ቆሞ ሰማኝ። በሳምንቱ ቀጠረኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አስተባባሪው ፈጣን ሰው ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ ሰልፉን እየቆጠረ «አሳጥሪ፣ አሳጥሪ» ይለኛል። እኔም ማሳጠር እወድ ነበር። ችግሩም ከዚያው ጀመረ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ይስማው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ወደ ክሊኒኩ የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሲያስተረጉሙ ከሐኪሙ አጠገብ አይቆሙም፤ ከበሽተኛው ትከሻ ኋላ ነው የሚቆሙት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ዐይኑ ሐኪሙን ይይ። እኛን ካየ ከእኛ ጋር ይነጋገራል» አሉኝ። ከመጀመራቸው በፊት የበሽተኛውን ስም ይጠይቃሉ፤ ስሙን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይጠሩታል። የሰሙትን ወዲያው አይለቁትም። ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ በውስጣቸው ሲያዞሩት ይታወቃል። እኔ በዚያ ጊዜ ሦስት ዐረፍተ ነገር እጨርስ ነበር።

ከትከሻቸው የማትለይ የጨርቅ ቦርሳ አለቻቸው። ውስጧ የለስላሳ ቆርኪ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ጣሳ፣ የአረቄ መለኪያና ሲባጎ አለ። ሐኪሙ ትንሽ፣ ብዙ፣ አልፎ አልፎ፣ በመጠኑ ባለ ቁጥር እጃቸው ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ «በዚህ ስንት?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቃሉ። ሐኪሙ መልሶ እስኪነግራቸው አንዲት ቃል በአማርኛ አይተነፍሱም። አንዳንዱ ፈረንጅ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይናደዳል። እሳቸው ጣሳውን አይመልሱም።

ደብተርም ነበራቸው፤ ለአንድ ቃል አንድ ገጽ። ፈረንጆቹ በመጠኑ ለማለት የሚሉት የሞደሬሽን ገጽ ከሁሉ የቆሸሸው ነው፣ ብዙ ስለተገለጠ። ከላይ ቃሉን በቀይ ጽፈው ከሥሩ በየት በየት እንደ ሰሙት አስፍረውታል። ስለ ሕመም ሲነገር ከቀላሉ በላይ ከከባዱ በታች ማለት ነው። ስለ ነፋስ ሲነገር ጀልባ የማይከለክል ነፋስ ነው። ስብሰባ የሚመራውንም ሰው በዚሁ ቃል ዘመድ ይጠሩታል፤ ተናጋሪውን ሁሉ ልክ ስለሚያስይዝ ይመስላል ብለው በእርሳስ ጨምረዋል። ስለ መብልና ስለ መጠጥ ሲነገር ግን ገጹ ይዝረከረካል። ልከኝነት ብለው ጽፈዋል፤ መጠን ብለዋል፤ ራስን መግዛት፣ አለማብዛት ብለዋል። ትሕርምት የሚለውን የቤተ ክህነት ቃል ጽፈው መልሰው ሰርዘውታል። አጠገቡ «ይህ መተው ነው፤ እነሱ ተው አላሉም» ይላል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ባዶ እጁን የሚመጣ ቃል ነው። ዕቃ አስይዘው።»

ቆላ ድባ ለሥራ ወጥተን የዚህን ትርጉም በዐይኔ አየሁ። አንድ ወፍራም የእህል ነጋዴ ጉበቱን ታሞ መጣ። ሐኪሙ መጠጥ በሞደሬሽን አለ። ነጋዴው አልኮል የምትለዋን ቃል ለይቶ፣ ጋሼ ይስማውን ቀድሞ፣ ሳይጠየቅ፣ እኔ በልኩ ነው የምጠጣ፤ ሰው ደግፎኝ ቤቴ ገብቼ አላውቅም ብሎ ማለ። ጋሼ ይስማው መለኪያዋን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ።

«በዚህች ስንት ይሆናል?»

«መለኪያማ አልቆጥርም ጋሼ» አለ። «ጠርሙሱን ነው የማየው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ነጋዴውም ራሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለሐኪሙ ነገሩት፤ ሐኪሙም ቃሉን ትቶ ከናካቴው ይቁም አለ። ስንወጣ «አየሽ፤ ከልክ በላይ እበላለሁ የሚል ሰው አግኝቼ አላውቅም። ሁሉም ልከኛ ነው» አሉኝ። እኔ የሳቅሁት ላይ ነበርሁ። ልብ አላልሁትም።

ከዚያ ጋሼ ይስማው ዐይናቸውን ሊታከሙ ሥራ አቆሙ። ቦርሳዋን ከነደብተሩ ለእኔ ሰጡኝ። ከኮረዳ ትከሻ ላይ ቆርኪና ጣሳ ሲንኳኳ ሱቅ በደረቴ ነው የመሰልሁ። ቁንዝላ በሄድንበት ቀን መኪናው ውስጥ ትቻት ወረድሁ።

ክሊኒኩ የተከፈተው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ የሐይቁን መንገድ ይዟል። አቶ እንድሪስ የተባሉ ጀልባ ሠሪ ገቡ፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ክንዳቸው እንደ ጣውላ፣ እግራቸው ግን ጫማ የማያስገባ እስኪሆን ያበጠ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነብና የእኔ እኩያ የምትሆን ልጃቸው ሐያት ደግፈዋቸዋል። የዚያ ዙር ሐኪም ፈረንጅ ሴት ነበረች፤ ደረታቸውን አዳመጠች፤ በማሽንም አየች። የልብ ቫልቭ ነው። በየዙሩ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ከሚላኩት ከአራቱ አንዱ ይሆናሉ አለች። እስከዚያ ሰውነታቸው ውኃ መሙላት የለበትም። መድኃኒት ጻፈች፤ ቀና ሳትል ጨውና ውኃ በሞደሬሽን አለች። አስተባባሪው ከበሩ ላይ «አሳጥሪ» አለኝ።

«ጨውም ውኃም በልኩ ይሁን» አልኋቸው።

ወይዘሮ ዘይነብ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እሱማ ድሮም በልኩ ነው» አሉ።

ይህን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ከነጋዴው መለኪያ ጋር አንድ ነገር መሆኑም በሆዴ ቅጭል ብሏል። ቦርሳዋ ያለችው መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናው ያለው ከግቢው ውጭ ነው፤ የሚቀጥለው በሽተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ተውሁት።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ እንድሪስ ባሕር ዳር መጡ፤ መጡ ሳይሆን አመጧቸው። የቁንዝላ ጠጠር መንገድ አድክሟቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር አቅቷቸው። ተቀምጠው እንጂ ተኝተው መተንፈስ አይችሉም። ዕብጠቱ ከእግር ወደ ሆድ ወጥቷል። የአራቱ ስም ለአዲስ አበባ የሚላከው በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ወረቀቱ ዶክተሯ ፊት ተዘርግቷል፤ የእሳቸው ስም ሦስተኛው ነው።

ዶክተሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ተቆጥታለች። አልጋው ውድ ነው፤ የተነገረውን የማይሰማ ሰው ተቀዶም አይድንም፤ ቦታው ለሚሰማ ይሰጣል አለች። ንገሪያቸው አለችኝ።

የሙያው ሕግ አንድ ነው። አስተርጓሚ የሰው አፍ ነው፤ የራሱ አፍ የለውም። ከአቶ እንድሪስ ትከሻ ኋላ ቆሜ ነገርኋቸው። የታዘዙትን አልፈጸሙም፣ ስለዚህ ስማቸው ይሰረዛል አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ሐያት ዞራ ወደ እኔ አየች። «ምኑን ነው ያልፈጸምን? አንቺ ያልሽውን ነው ያደረግን።»

ወይዘሮ ዘይነብ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ በልኩ አላልሽኝም? በዚህ እጄ እየለካሁ ነው የምጨምር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጨው በዛ ብሎኝ አያውቅም።»

አቶ እንድሪስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

ዶክተሯ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ታዘናል፣ ፈጽመናል ይላሉ አልሁ። ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አለች። እስክሪብቶዋን አነሣች። ጫፉ ወረቀቱን ነካ።

እኔ ያኔ የማስበው ስለ ሰውዬው ብቻ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ስለ ሰደርያዬም አስቤያለሁ። ከአፌ ሲወጣ ግን እንግሊዝኛዬ እንደ ድሮው፣ የጀልባ መነሻው እንግሊዝኛ ሆኖ ወጣ። ቁሚ አልኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁ። በሞደሬሽን አልሽ፤ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁሽም፤ ለእነሱም ስንት እንደሆነ አልነገርሁም፤ ያዘዝሻቸውን አልሰሙም እንጂ እንቢ አላሉም አልሁ።

እስክሪብቶዋ እዚያው ቆመ። ከዚያ ስንት ያደርጋሉ፣ አሁን አሳዪኝ አለች።

ከዘበኛው ምሳ ላይ ጨው ለመንሁ። ወይዘሮ ዘይነብ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ለአንድ ድስት የሚጨምሩትን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። ቆርኪውን ከቦርሳዋ አወጣሁ፤ ከቁንዝላው ቀን ወዲህ ቦርሳዋ ከትከሻዬ ወርዳ አታውቅም። በቆርኪው እየሰፈርሁ ወረቀት ላይ ደፋሁት። ሰባት ሆነ። የሚበሉት ዓሣ ራሱ በጨው የደረቀ መሆኑንም ጠይቄ አወቅሁ። ዶክተሯ ከሰባቱ ስድስቱን በወረቀቷ ጠርዝ ወደ ዳር ገፋች። አንዲቷን አስቀረች። ለቀኑ በሙሉ፣ ከምንም ነገር ጋር ተደምሮ፣ ይህች ናት አለች። ውኃው ደግሞ ሦስት ጣሳ።

ወይዘሮ ዘይነብ የተገፋውን ጨው አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

ስማቸው አልተሰረዘም። ግን የዚያን ዙር አልሄዱም፤ ውኃ የሞላ ሰውነት አይቀደድም ተባለ። ሦስተኛው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አቶ እንድሪስ ወደሚቀጥለው ዙር ተላለፉ። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ዐሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሁልጊዜ ጠዋት ከሥራ በፊት እሄዳለሁ። ቆርኪውን በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ሾርባ አመላለስሁ፤ ነርሶቹን ጨቀጨቅሁ። ወይዘሮ ዘይነብ ባዩኝ ቁጥር የሚመርቁኝ እናት ሆኑልኝ። አላህ የልብሽን ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ያለች ልጅ ትወለድልሽ ይሉኛል። አሜን እላለሁ።

ጋሼ ይስማው ዐይናቸው ሲሻላቸው ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲያመሰግኑኝ ነው የሄድሁ። አስተባባሪው በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቀጥቶኛል፤ እኔ ግን ጥፋቴን በአፌ አውጥቻለሁ። እንደዚያ ያለ ደፋር አስተርጓሚ ስንት አለ?

ስጨርስ «በምን ቋንቋ ነው የነገርሽ?» አሉኝ።

«በእንግሊዝኛ ነዋ፣ ለዶክተሯ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እንግዲያ ለተበደለው ሰው አልተተረጎመም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ሽማግሌ ነገር ያከራል አልሁ። መንገድ ለመንገድ ስሄድ ግን ክፍሉን መልሼ አየሁት። እኔና ዶክተሯ ስንነጋገር ሦስቱ ሰዎች አፋችንን ያዩ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ስል ወይዘሮ ዘይነብ እጃቸውን እንደዘረጉ ነበሩ። ማንም ምንም አልነገራቸውም። ጨዉ ሲገፋ ያዩት የራሳቸውን እጅ ነው። ባላቸውን በመዳፋቸው የገደሉ መስሏቸው ነው ነጠላ ውስጥ የደበቁት። እኔ ደግሞ ምርቃታቸውን እቀበል ነበር።

ያም ሆኖ አልነገርኋቸውም። አቶ እንድሪስ ከወራት በኋላ ተቀደዱ፤ ዳኑም። በስልክ ሰማሁ፤ እሰየው አልሁ፤ ሌላ ሥራ ነበረብኝ። ሁልጊዜ ሌላ ሥራ ነበረብኝ። ስንቱን ሰው በቆርኪ፣ በጣሳ፣ በሲባጎ ለካሁ! አዲስ አስተርጓሚዎች መጡ፤ ደብተሩን አሳየኋቸው፤ በስንት ሳትሉ አትተርጉሙ ብዬ ጮህሁባቸው። የቁንዝላን ነገር ግን ለአንዳቸውም አላወራሁም።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰደርያዬንና መታወቂያዬን አስረከብሁ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቦርሳዋን ገልብጦ አየና «ይቺ የእኛ አይደለችም፤ ውሰጃት» አለኝ። በማግስቱ ወደ ቁንዝላ የሚሄድ ጀልባ ላይ ተሳፈርሁ።

አቶ እንድሪስን ያገኘኋቸው ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ግራር ሥር ነው። በድንጋይ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በግማሽ የቀረ ጀልባ አለ፤ የጎኑ ጣውላ እስከ ወገቡ ተመትቶ ከዚያ በላይ አጥንቱ ብቻ የቆመ። ጣውላው ዝናብ አይቶ ግራጫ ሆኗል። በታመሙ ሰሞን የጀመሩት ነው። ልባቸው በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ደክሞ ቀርቷል፤ ቢቀደድም እንደ ድሮው አልሆነም። ከባድ ማንሣት ተከልክለዋል። ሐያት ምስማር ታቀብላለች፤ እሳቸው የሚችሉትን ይመታሉ።

ወይዘሮ ዘይነብ ሞሰቡን ግራሩ ሥር አምጥተው ምሳ ካልበላሽ አሉኝ። ዓሣው ጨው የለውም። ቆርኪዋ በክር ተንጠልጥላ ከሞሰቡ አጠገብ አለች፤ ለእንግዳም በእሷ ነው የሚሰፈር። በልቼ ስጨርስ ሦስቱም ባሉበት ነገርኋቸው። በአማርኛ። ዶክተሯ ያለችውን፣ እኔ ያልጠየቅሁትን፣ ቦርሳዋን መኪና ውስጥ የተውሁበትን ምክንያት፣ «እሱማ ድሮም በልኩ ነው» ሲሉ መስማቴን። የእርስዎ እጅ አይደለም አልኋቸው ወይዘሮ ዘይነብን፤ የእኔ አፍ ነው።

ወይዘሮ ዘይነብ መሬት መሬት አዩ። «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ድስት ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ተነሥተው ወደ ውኃው ሄዱ። ሐያት ተከተለቻቸው። ስታልፈኝ ትከሻዋ ገጨኝ፤ ሳታውቅ አይደለም።

አቶ እንድሪስ መዶሻቸውን እያገላበጡ ያያሉ። ይቅር እንዲሉኝ ስጠብቅ ራሴን ያዝሁት፤ አፈርሁም።

«ይህን ያኔ ነበር መናገር» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ስንት ሌሊት አለቀሰች።»

«አዎ» አልሁ።

የሚመለሰው ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠራል። ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። አቶ እንድሪስ መሬት ላይ ወዳለው ረጅም ጣውላ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ሐያት እስክትመለስ ያንን ጫፍ ያዥ።»

ጀልባው ጥሎኝ ሄደ። ጣውላውን አንሥቼ ከአጥንቱ ጋር አስጠጋሁት። እሳቸው በአንድ ዐይናቸው አነጣጥረው አዩና ምስማሩን በከንፈራቸው እንደያዙ ትንሽ ከፍ አድርጊው አሉኝ።

«በስንት?» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን አጋድመው አሳዩኝ፤ እኔም ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ያዝሁ።